ለሦስተኛ ጊዜ ሽምግልና፣ ወደ ሐይቁ ቤተ መንግሥት

በባቱ ሐይቅ ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ጫፍ ላይ፣ ክረምት በከበደ ቁጥር ውኃ ዙሪያውን የሚከብበው አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ። የደሴቲቱን ስም አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛል። አብዛኞቻችሁ እዚያ እንደማትሄዱ ስለማውቅ ግን የሄድኩበትን የሦስት ቀን መንገድ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ቅደም ተከተል ማለቴ ለወጉ ነው። የሚያውቁኝ እንደሚመሰክሩት እኔ ወረፋ እንኳን ተረጋግቼ መቆም የማልችል ሰው ነኝ።

ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተርነት ነው። የሰውን ዕቃ ሰነድ ይዤ ከመስኮት መስኮት እየሮጥኩ ከጉምሩክ አስወጣለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ያለኝ የሟች እህቴ ልጅ ዮናስ ብቻ ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አዳማ እኔው ቤት አድጎ ዛሬ ከጅቡቲ ኮንቴይነር የሚጭን ሹፌር ሆኗል። ይኼ ልጅ ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ወባ ጥሎት ባቱ ጤና ጣቢያ ገባ። ምሕረት የምትባል ነርስ አከመችው። ወባው ለቀቀው፣ እሷ ግን ከልቡ አልወጣችም።

የምሕረት አባት አቶ ደገፉ የዚያ ቤተ መንግሥት ጠባቂ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከንባቸው ሁለቱንም ጊዜ "እናስብበት፣ ተመለሱ" ብለው ሸኝተዋል። ምክንያታቸውን ሰምተናል፤ "ልጄን ዕድሜዋን ሙሉ በር በር ስታይ እንድትኖር ለሹፌር አልሰጥም" ብለዋል። በወጋችን ሦስተኛው መጨረሻው ነው። በሦስተኛው እምቢ ከተባለ ተመልሶ የሚለምን የለም፣ ዮናስም ምሕረትን አጣ ማለት ነው።

ቅዳሜ

ሦስት ነበርን። አንደኛው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ወንጂ በሸንኮራ ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚያሳምሩ የነገር አባት። ሁለተኛው ሐጂ ከድር፣ የሰባ ዓመት የእህል ነጋዴ፣ ተቆጥተው የማያውቁ ጎረቤቴ። ሁለቱም ያለፉትን ሁለት ጊዜ የሄዱ ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ወገቡን ታሞ ስለተኛ፣ ቁጥሩ እንዳይጎድል እኔ ገባሁ። ደስ ብሏቸው እንዳልወሰዱኝ ከፊታቸው ያስታውቃል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዳማ መናኸሪያ ስንገናኝ ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው መመሪያ ሰጡኝ።

"ስማኝ በቀለ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። 'ተቀመጡ' ካሉን እሺ ብለዋል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውዬው ቢፈልግ እስከ ማታ ያቁመን፣ እንቆማለን። የቤቱንም እህል አንቀምስም። ከቀመስክ እንግዳ ነህ፣ ሽማግሌነትህ ቀረ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"አልገባህም" አሉ ሐጂ ከድር፣ እየሳቁ። "እግርህን እየው።" እግሬ አስፋልቱን ይመታ ነበር።

የባቱ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ይጠራል። አራት ወንበር ቀርቶታል። እኔ እስኪሞላ አልጠብቅም ብዬ ሁለቱን ሽማግሌዎች እያጣደፍኩ ወደ ሞጆ በሚሄድ መኪና አሳፈርኳቸው። ከሞጆ ደግሞ ሊንቀሳቀስ ሞተር ያስነሳ የሻሸመኔ ዶልፊን አገኘሁና "ባቱ ታወርደናለህ?" ብዬ ገባን። ያን ጊዜ ራሴን እንደ ብልህ ቆጥሬ ነበር። ቆቃን አለፍን። ዓለም ጤና ላይ ሽንኩርትና ሐብሐብ በመንገዱ ዳር ተቆልሏል፤ የአዳማን ገበያ ለሚያውቅ ሰው ዋጋው ሳይሆን ብዛቱ ነው የሚያስደነግጠው። መቂ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞርኩ። ለምን እንደሆነ በቦታው እነግራችኋለሁ።

ከመቂ በኋላ ስልኬ ጮኸ። አንድ ደንበኛ ኮንቴይነሩ ለምን እንዳልወጣ ይጠይቀኛል፣ እኔም እጮኽበታለሁ። ሐጂ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኦቦ ቶሎሳ ከጎናቸው ካለው ገበሬ ጋር ስለ ዝናብ ይዘውታል። ስልኩን ስዘጋ ሐይቁ ከኋላችን ነበር። ባቱን አልፈን ቡልቡላ ልንገባ ነው።

"ረዳት! ባቱ አላልኩህም?"

"'ባቱ ወራጅ' ብዬ ሁለቴ ጠራሁ እኮ አባቴ። ስልክ ላይ ነበሩ።"

ቡልቡላ መንገድ ዳር፣ በፀሐዩ ወረድን። ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመው ግራና ቀኝ ሲያዩ አይታ፣ "ኮታ፣ ታኣ" ብላ ጥላዋ ሥር ጠራችን፤ ኑ ተቀመጡ ማለቷ ነው። የቲማቲም ሳጥን ገልብጣ ወንበር አደረገችልን። ኦቦ ቶሎሳ በኦሮምኛ የመጣንበትን ሲነግሯት ተነሥታ ቆመች፣ ለሽማግሌ እንደሚገባው ጎንበስ ብላ ሰላም አለችን እንደገና፣ ከዚያም እርጎ በኩባያ አመጣችልን። እሷ ጋ እርጎ መጠጣት ይፈቀድ እንደሆነ ኦቦ ቶሎሳን በዓይኔ ጠየቅኳቸው። "ልጅ የምንለምነው እሷን አይደለም፤ ጠጣ" አሉኝ። አዳማ ቤቴ በር ላይ ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ቢቆሙ እኔ ምን አደርግ እንደነበር አሰብኩ። "መንገድ አትዝጉ" ነበር የምላቸው።

ወደ ባቱ የተመለስነው ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ነው። ሐጂ ከሹፌሩ ጎን ገቡ፤ እኔና ኦቦ ቶሎሳ ጆንያ ላይ ወጣን። ጋቢዬ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጀልባ ከሰዓት በኋላ በነፋሱ ምክንያት አይወጣም ስለተባልን ባቱ አደርን። አልጋው ንጹሕ ነበር፤ አጎበሩ ግን ቀዳዳ ስለነበረው የዮናስን ወባ እያሰብኩ አደርኩ።

እሑድ

ጠዋት በሁለት ሰዓት ተሻገርን። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ። የጀልባው ባለቤት ገመዱን እየሳበ ስለ ቤተ መንግሥቱ ይነግረናል፤ አንድ ንጉሥ ከጦር ሸሽቶ የሠራው ነው አለ። ወደብ ላይ አብራን የተሳፈረች አስተማሪ ደግሞ ንጉሥ ሳይሆን ልዕልት ናት፣ ከባሏ ተጣልታ ነው አለች። ተከራከሩ። እኔ ዋና ስለማልችል ሞተሩን ነበር የማየው።

ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ናቸው። ጤፉ እስከ ውኃው ይወርዳል። ቤቶቹ ከድንጋይ ናቸው፤ መኪና የሚባል ነገር የለም፤ ባጃጅ እንኳን የለም። አዳማ ውስጥ ያለ ባጃጅ የቆየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጆሮዬ ባዶ ሆነብኝና ዝም ብዬ መናገር ጀመርኩ። ኦቦ ቶሎሳ "እባክህ" አሉኝ አንድ ጊዜ።

የአቶ ደገፉ ግቢ ከዳገቱ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆምን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ብቅ ብለው አዩንና "መረብ ሊያወጡ ወርደዋል፣ ይመጣሉ" አሉን። ኑ ግቡ አላሉንም፤ እሳቸውም ወጉን ያውቃሉ። ቆምን። ፀሐይ በረታች። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል። ኦቦ ቶሎሳ እንደ መብራት እንጨት ቀጥ ብለዋል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም።

ወይዘሮ አስቴር እንደገና ወጥተው፣ ለጀልባው ሰው ብለው በዳጣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሳህን አምጥተው ከበሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ አስቀመጡ። ሰውዬው ሞተሩን ሊያይ ወርዶ ነበር። ዓሣው ይጤሳል። መንቆራጠጥ ጀመርኩ፤ ወዲህ ሁለት እርምጃ፣ ወዲያ ሁለት እርምጃ። ስልኬን አየሁ፣ ኔትዎርክ የለም። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ አስቤ አይደለም። ሞጆ ቢሮዬ ስጨነቅ እጄ ያገኘውን ያነሣል፤ ቆሎ ይሁን፣ የሰው ዳቦ ይሁን። እጄ ሄደችና ከዓሣው ጎን ቆርሳ አፌ ውስጥ ከተተችው።

ቀና ስል አቶ ደገፉ እርጥብ መረብ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊቴ ቆመዋል።

"ጣፈጠ?" አሉኝ።

መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ሐጂ "ላ ሐውለ!" አሉ በቀስታ።

"ሽማግሌ መጣ ብለውኝ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት" አሉ አቶ ደገፉ። "ለካ እንግዶች ናችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። አስቴር፣ ለእንግዶቹ ምሳ አቅርቢ።"

ሰውዬው እምቢ አላሉም፤ አላባረሩንምም። በክብር አስገብተው አበሉን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የመረረኝ ጣፋጭ ምግብ የለም። ዓሣ የእስላም የክርስቲያን ስለማይባል ሐጂም አብረውን በሉ፤ ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ምሕረት ከጓዳ ወጥታ ሰላም ስትለን ዓይኗ ቀልቷል። ዮናስን ላሳደግኩት ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። ያንን ልጅ ከእናቱ ሞት በኋላ ያሳደግኩት እኔ፣ በአንድ ጉርሻ ዓሣ ሚስቱን ላሳጣው ነው።

ከምሳ በኋላ አቶ ደገፉ "እንግዳ ቤተ መንግሥቱን ሳያይ አይሄድም" አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደክሟቸው ቀሩ፤ እኔን ብቻ ይዘውኝ ወረዱ።

የምታስቡት ዓይነት ቤተ መንግሥት አይደለም። ከደሴቲቱ ጫፍ ሃምሳ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ውኃው መሐል የቆመ፣ ጣሪያው ግማሹ የወደቀ የድንጋይ ግንብ ነው። በበጋ በእግር ይደረሳል አሉኝ፤ አሁን ግን ጥቅምት ስለሆነ ከደንገል በታሰረች ታንኳ ነው የሚሻገሩት። የታንኳዋ ሆድ ውኃ ያስገባል፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። በሩ የወፍራም ወይራ ሳንቃ ነው። አቶ ደገፉ ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ከፈቱት። ውስጡ የሞጆን ሁለት ኮንቴይነር ጎን ለጎን ብታቆሙ ያክላል። ዙሪያውን ከግንቡ ጋር የተሠራ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ ከመሐል ሾላ በቅሎ በተከፈተው ጣሪያ ወጥቷል። የሌሊት ወፍ አለ። አንዱ ግድግዳ ላይ የተፋቀ ቀለም፣ የፈረስ እግር የሚመስል ነገር ይታያል።

"ማን ነው የሠራው?" አልኳቸው።

"አላውቅም። ቁልፉን ከአባቴ ነው የተቀበልኩት፣ አባቴም ከአባቱ። የሚያውቅ ሰው ቢመጣ እኔም እጠይቀው ነበር።"

አምስት ደቂቃ አይቼ ጨረስኩ። "እንሂድ?" አልኩ። በሩን ከፈት ስናደርግ በእኛና በደሴቲቱ መካከል፣ ልክ ታንኳዋ በምታልፍበት ላይ፣ ሁለት ጆሮና አንድ ሰፊ ጀርባ ከውኃው ወጥቷል። ጉማሬ ነው።

"አሁን አንሄድም" አሉና አቶ ደገፉ ተመልሰው የድንጋዩ መቀመጫ ላይ አረፍ አሉ።

"መቼ ይሄዳል?"

"ሲፈልግ።"

ድንጋይ ወረወርኩ፤ አልደረሰም። ጮኽኩ፤ ጆሮውን አወዛወዘ። በእኔ ሥራ ቢያንስ የሚለመን አለቃ አለ፣ የሚደወልለት ሰው አለ። ጉማሬን ምን ትሉታላችሁ? ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሆነ። ከበሩ ወደ ሾላው፣ ከሾላው ወደ በሩ ተመላለስኩ።

"አቶ በቀለ፣ ይቀመጡ። እዚህ ቢቀመጡ ከሽምግልናው አይቆጠርም" አሉኝ። "ምን አለብዎት ግን? ካገኘሁዎት ጀምሮ እያየሁዎት ነው። ልጁም እንደ እርስዎ ነው?"

ያ ጥያቄ እንደ ጥፊ ነው ያረፈብኝ። ሰውዬው ዮናስን የሚለኩት በእኔ ነበር። ተቀመጥኩ። ለማንም ያልነገርኩትን፣ ለሐጂ ከድር እንኳን ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

"ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ሳለ መቂ ውስጥ አንዲት ልጅ ወደድኩ። ሽማግሌ ላክሁ። 'ተመለሱ' ተባሉ። ደግሜ ላክሁ። 'ከመስቀል በኋላ ኑ' አሉ። እኔን ማን ነው የሚያስጠብቀኝ ብዬ ተናደድኩና ተውኩት፣ ሦስተኛውን አልላክሁም። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሟን ሞጆ አገኘሁት። ምን አለኝ መሰልዎት? የመስቀል ማግሥት ጠላ ተጠምቆ፣ በግ ታርዶ፣ ሽማግሌዎቹን ሲጠብቁ ውለው ነበር። አባቷ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው እስከ ምሽት ተቀምጠዋል። እሷ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ተዳረች። እኔ ደግሞ ይኸው።"

ከዚያ "ልጁስ? ሁለት ጊዜ ስመልሰው ምን አለ?" አሉኝ።

"እኔማ 'አገር ሙሉ ሴት እያለ ሌላ ፈልግ' አልኩት። እሱ ግን ጅቡቲ መንገድ ላይ ጭነት ለመጫን አምስት ቀን መኪናው ሥር ተኝቶ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ነው። 'ጋሼ፣ እኔ መጠበቅ አያቅተኝም። አንተ ብቻ እንዳታበላሽብኝ' አለኝ።"

"አበላሹበት እኮ" አሉ አቶ ደገፉ። "ያውም በቆሮሶ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ወደ ልቅሶ ሊሄድብኝ ሲል ፊቴን ወደ ሾላው አዞርኩ። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው፣ "እኔ ሹፌር ሁልጊዜ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "አምስት ቀን ቆሞ እንደሚጠብቅ አላውቅም።" ከዚያ ተነሥተው ወደ ውኃው ተመለከቱ። ጉማሬው ወደ ሸንበቆው ገብቷል። "ነገ ጠዋት እንደ ወጉ ደጄ ላይ ቁሙ። እህል ሳትቀምሱ።"

እሺ ይበሉን አይበሉን ግን አልነገሩኝም።

ሰኞ

ጎረቤቶቻቸው አልጋ ለቀውልን ነበር ያደርነው። አንዱ ባለቤት እሱ ራሱ ጀልባ ውስጥ መተኛቱን የሰማነው ጠዋት ነው። ቁርስ አቀረቡልን፤ አልነካንም፣ ምክንያቱን ስንነግራቸው ሳህኑን ራሳቸው በፍጥነት አነሡት።

በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ቆምን። አቶ ደገፉ ነጭ ለብሰው ወጡና ከፊታችን ባለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ቶሎሳ ያማረ ንግግር አደረጉ፤ ስለ ትናንቱ ዓሣ አንድም ቃል አላነሡም። አቶ ደገፉ መልስ አልሰጡም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሐጂ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ አየሁ። ለሰባ ዓመት ሽማግሌ ወንበር ስጡልኝ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሁለታችን ተደጋግፈን ቆምን። እግሬን አላንቀሳቀስኩም። እንዲህ ስል ቀላል ይመስላል፤ ጀርባዬ ላይ ላብ ይወርድ ነበር።

በመጨረሻ አቶ ደገፉ ምሕረትን ጠሩ። የነርስ ነጭ ጫማዋን አድርጋ መጣች፤ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ናት።

"እነዚህ ሰዎች ከአዳማ መጥተው ቆመዋል። ቤቱ መንገድ ላይ ለሆነ ሰው ነው የሚለምኑሽ። ብቻዬን ቀረሁ ብለሽ ታለቅሺብኛለሽ።"

"አባዬ፣ እኔም እኮ ተረኛ ነኝ" አለች። "እሱ ሲመጣ እኔ ጤና ጣቢያ ልሆን እችላለሁ። ቤት ቁጭ ብሎ በር በር የሚያየው እሱ የሚሆንበትም ቀን አለ። ይህንንም ነግሬዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"'ወጥ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ' አለ። ወጡ ግን አይቀመስም፤ ሞክሬዋለሁ።"

ወይዘሮ አስቴር ከውስጥ ሳቁ። አቶ ደገፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይነቃነቃል። ሲያወርዱት ዓይናቸው ረጥቧል።

"ተቀመጡ" አሉን።

ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ባሉበት ዘርፈጥ አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ግቢው በሰው ተሞላ፣ እልልታ ተሰማ፣ ከየቤቱ ምግብ መጣ። የጀልባው ሰው ከሐይቁ መሐል ኔትዎርክ ካለበት ለዮናስ እንዲደውልለት ቁጥሩን ይዞ ወረደ፤ አቶ ደገፉም የሚለውን ሊያስጠኑት ተከትለውት ወጡ።

ምሕረት በየተራ እጃችንን ልታስታጥበን ጆጉን ይዛ መጣች። ሐጂን አስታጠበች፣ ኦቦ ቶሎሳን አስታጠበች። ከእኔ ፊት ስትደርስ በርከክ አለች።

"አባዬ፣ ይታጠቡ" አለች።

አባቷ የተመለሱ መስሎኝ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም አልነበረም።

"እርስዎን ነው" አለች።

እጄን ዘረጋሁላት። ውኃው ሲወርድ ማሸት እንኳን ረሳሁ። ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ እጄን እንደዘረጋሁ፣ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ።